የእናቴ ካባ ገበር

በቅርቡ የቆርቆሮ አጥር ክንዴን ቀደደኝና ጤና ጣቢያ ሄጄ ቁስሉ ታሸገልኝ። በቀጠሮዬ ቀን ስመለስ ነርሷ፣ የልጅ ልጄን ዕድሜ የምታክል ወጣት፣ "ልፈታልዎት ነው እናቴ" አለችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ጥርሴን ነክሼ በሌላው እጄ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። ጠበቅኩ። ምነው አትጀምርም ብዬ ዞር ስል ክንዴ ባዶውን ነው።

"ጀምሪው እንጂ ልጄ" አልኳት።

"ጨርሻለሁ እኮ!" አለችና ሳቀች።

አላመንኳትም። ክንዴን አገላብጬ አየሁት። ቁስሉ አለ፤ ዙሪያው አልደማም፤ ከቆዳዬ የተላጠ ነገር የለም። እሽጉ ግን ልብስ ሳጥብም ሽንኩርት ሳርምም ንቅንቅ አላለም ነበር። እንዲህ አጥብቆ የያዘ ነገር እንዴት እንዲህ ዝም ብሎ ይለቃል? ነርሷ ሌላ አሸገችልኝና በሳምንቱ እንድመለስ ነገረችኝ። ወደ ቤቴ የሄድኩት ግራ እንደ ተጋባሁ ነው። ግራ ያጋባኝ እሽጉ ብቻ አልነበረም። በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ አሰላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት የደከምን ሰዎች ነበርን። ተሳክቶልን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዚያን ጊዜው አሰላ ከዛሬው ጋር አንድ የሚያደርገው ስሙና ብርዱ ብቻ ነው። የጭላሎ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉሙን ተከናንቦ ይቆይና ነፋሱን ቁልቁል ሲለቀው የባሕር ዛፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ዋናው መንገድ ዳር የአረቡ ሱቅ ነበር፤ አሁን ሞባይል የሚሸጥበት ጥግ ላይ ይመስለኛል። ልጄ አይደለም፣ ባንኩ ያለበት ነው ትለኛለች። እሷ ያኔ አልተወለደችም፤ ሆኖም እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። አቡጀዲ በክንድ እየተለካ በስሙኒ ይሸጥ ነበር። አረቡ ክንዱ አጭር ስለነበረ፣ የሰፈሩ ሴቶች ረጅም ክንድ ያላትን እናቴን ለክታ እንድትገዛላቸው ይዘዋት ይሄዱ ነበር፤ እሱም ገና ከሩቅ ሲያያት "መጣች ደግሞ!" እያለ ጨርቁን ይደብቃል። እኛ ተማሪዎቹ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ እያነጣን እንሄድና ዝናብ ሲይዘን ነጭ ውሃ እየተከተለን ቤታችን እንገባለን። ከጎሚስታው ጎን ያለው ቡና ቤት ከሰዓት በኋላ ሸክላ ያጫውታል። አንዱን ዜማ ዛሬም ላንጎራጉረው እችላለሁ፤ ግጥሙ ግን ጠፍቶብኛል። ጎማ የሚነፋው ሰውዬ የእግር ፓምፑን ከዜማው ጋር እያስማማ ይረግጠው እንደ ነበር አልረሳሁም። ሰው የሚያስታውሰውን አይመርጥም።

አባቴ በልጅነቴ ሞቷል። እናቴ ወይዘሮ ዘነበች በቀሚስ ጥልፍ የታወቀች ነበረች፤ የጥምቀትና የፋሲካ ቀሚስ ከበቆጂ ድረስ ይመጣላታል። የምንበላውም፣ እኔ የምማርበትም ከመርፌዋ ነበር። ጥልፉን ስትጨርስ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች። የካውያው ክዳን መቆለፊያ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነበር፤ አንድ ቀን ሽቦው ለቀቀና ፍሙ ሁሉ በቀኝ እጇ ጀርባና ጣቶች ላይ ተዘረገፈ። ከትምህርት ቤት ስመጣ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በግራ እጇ ቀሚሱን ታራግፋለች። "ቀሚሱን ምንም አልነካው" ነበር ያለችኝ።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበር፤ ውጭ አግዳሚ፣ ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ ጠረጴዛ። ዶክተር አልፎ አልፎ ከሩቅ ይመጣል እንጂ ዘወትር የነበረው ቁስል አጣቢው፣ ድሬሰሩ አቶ ጌታነህ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግርም እጁ ፋሻ ከመጠቅለል የማያርፍ ሰው ነበር። አገሬው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም መጀመሪያ ላይ "ድሬሰር ነኝ" እያለ ያርም ነበር፣ በኋላ ሰለቸው። የእናቴን እጅ ሲያይ ፋሻ መጠቅለሉን አቆመ።

ችግሩን ለመረዳት ያን ጊዜ የነበረውን ጎዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ስስ፣ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ ነው። ቁስሉ ላይ ሲደረግ አብሮ ይደርቃል፤ ሲነሳ አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይነሳል። እንዳይጣበቅ ላላ ተደርጎ ከታሰረ ደግሞ፣ ሰው ሥራ አይፈታምና፣ ከሰዓት ሳይደርስ ክርን ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። በፕላስተር ከያዙት ፕላስተሩ ደህናውን ቆዳ ይልጣል። አቶ ጌታነህ በዚህ ነገር ይብሰለሰል ነበር። "አስናቀች፣ አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ እስቲ አስቢው" ይለኛል። "አጥብቆ የሚይዝ፣ ሲለቅ ግን የማይጎዳ። አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል።"

ጎዙን ቫዝሊን ቀብቶ፣ በራሱ አስተጣጠፍ አጥፎ በእናቴ እጅ ላይ ሞከረው። በቀጠሮው ቀን ቀስ ብሎ ሲያነሳው እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እናቴ ጣራውን ታያለች።

"አመመዎት ወይዘሮ ዘነበች?"

"ኧረ ምንም። እግዜር ይስጥልኝ።"

ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በሌላም ቀን ጠየቃት፤ "ምንም" አለችው። በሦስተኛውም "ምንም"። አቶ ጌታነህ ነገሩን እንዳገኘው ቆጠረ። ወዲያው የእህል መኪና ላይ የሚሠራ፣ እግሩን የቆሰለ አንድ ጎረምሳ ከአቦምሳ መጣና በዚያው ጎዝ፣ በዚያው ቫዝሊን ታሸገለት። እሱ በተፈታለት ቀን ጩኸቱ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አስነሳ።

"ቆዳዬን መልስ! ከአቦምሳ ይዤው የመጣሁት ነው!"

"ዝም በል፣ ትልቅ ሰው አይደለህም? እዚህ አንዲት ሴት ትንፍሽ ሳይሉ ነው የተፈታላቸው!"

"እንግዲያውስ እሷን ፍታት! እኔን ተወኝ!"

ጎረምሳው በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ ጎዙ ግማሹ ተንጠልጥሎ፣ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ። አቶ ጌታነህ እጁን አጣጥፎ ቀረ። "ግራ ገባኝ" አለኝ። "እናትሽ ከምን የተሠሩ ናቸው?" እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ከእናቴ እጅ በተነሳው ጎዝ ላይ ትኩስ ደም አይቻለሁና። ደም እያየሁ "ምንም" ስትል እሰማለሁ። ዓይኔን ላምን ወይስ ጆሮዬን?

የእናቴ ወገኖች ከሸዋ መጥተው በቆጂ አጠገብ የገብስ አገር የሰፈሩ ናቸው። እሷ ያደገችው ከሐዋ ጋር ነው፤ ሐዋ የአርሲ ኦሮሞ ናት፣ የከድር እናት እንላታለን። ሁለቱም በየትዳራቸው ወደ አሰላ መጥተው፣ ሐዋ ከከተማው ዳር ሆና ወተት ታመላልስልን ነበር። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ግን ከእኔ ጋር እናቴ የምትናገረው በአማርኛ ብቻ ነበር። ያ የአቦምሳው ሰው በጮኸ ማግስት ሐዋ ወተቱን ይዛ ጓሮ ገባች። እኔ ከውስጥ ነኝ።

"ማል ታቴ?" አለቻት። ምን ሆነሻል ማለቷ ነው።

እናቴ "ና ዱኩባ" አለች። ያመኛል። ደግማ ደጋግማ "ና ዱኩባ ሐዋ፣ ና ዱኩባ" አለች፤ ቀጥሎም በቁሙ ቆዳው እንደሚገፈፍ በግ ሆንኩ እንደ ማለት ያለ ነገር ተናገረች፣ ሁሉንም ቃል አልያዝኩትም። ድምፁን ግን አላወቅኩትም። የእናቴ ድምፅ ነው፤ ግን ስትማረር ሰምቻት አላውቅም። ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለዚያውም ደክሞ ለሠራላት ሰው፣ አመመኝ ማለት እንደ ስድብ ነበር የሚቆጠርባት። በአማርኛ ይሉኝታዋ ይይዛታል። በኦሮምኛ ከሐዋ ጋር ልጅ ነበረች።

ሄጄ ለአቶ ጌታነህ ብነግረው እናቴን ውሸታም ማሰኘት ነው። እኔም የእሷ ልጅ ነኝና አልቻልኩም። ስለዚህ ሐዋን ለቀጠሮው ቀን አብራን እንድትሄድ ለመንኳት።

"እሄዳለሁ" አለችኝ። "ያ ሰውዬ ግን ሐኪም ነው ወይስ በግ አራጅ?"

ሐዋ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። አቶ ጌታነህ ጎዙን አነሳ። "አመመዎት ወይዘሮ ዘነበች?"

"ኧረ ምንም።"

ሐዋ ሳታስጨርሳት "ሲ ዱኩቤ?" አለቻት። አመመሽ ወይ?

እናቴ ዓይኗን እንደ ጨፈነች "ባይኤ ና ዱኩቤ" አለች።

"ምን አሉ?" አለ አቶ ጌታነህ።

"ገደልከኝ ነው የምትልህ።"

"ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም!" እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

"ባይኤ አልሽ። ባይኤ ብዙ ነው። ብዙ ካመመሽ ምን ቀረሽ? አንተ ዶክተር፣ ይችን ሴት በአማርኛ አትጠይቃት፤ በአማርኛ ብትሞትም ደህና ነኝ ነው የምትልህ።"

አቶ ጌታነህ መቆንጠጫውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እርስዎ ለፍተው ሠርተውት" አለች እናቴ፣ ወደ መሬት እያየች። "እንዴት አድርጌ?"

ያን ጊዜ ነው እስከዚያ ያልነገረንን የነገረን። እጇን በእጁ ደግፎ አሳየን፤ ጠባሳው ጣቶቿን ወደ ኋላ መሳብ ጀምሯል። አዲሱ ሥጋ በበቀለ ቁጥር እየተላጠ ከቀጠለ እጇ ሳይጨበጥ ይቀራል። "መርፌ አይይዝልዎትም" አላት። ወደ ቤት ስንመለስ በአረቡ ሱቅ በኩል አለፍን፤ ጨርቁን ሲደብቅም አላየችውም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ ጀመር፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። እኛም የኦሮምኛውን እናምናለን። አቶ ጌታነህ ቫዝሊኑን አበዛው፤ እሽጉ ተንሸራትቶ ወደቀ። አጥብቆ አሰረው፤ እጇ አበጠ። በጨው ውሃ እያራሰ አነሳው፤ "ጢቆ ይሻላል" አለች፣ ጥቂት ማለቷ ነው፣ ለሐዋ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ለጥገና የመጣ የሰው ኮት ስተረትር ነው ነገሩ የመጣልኝ። የሱፍ ኮት ያለ ገበር ሸሚዝ ይይዛል፤ እጅጌው አይገባም፣ ከገባም አይወጣም። ገበር ካለው ይንሸራተታል። በማግስቱ "ለቁስሉም ገበር ቢደረግለትስ?" አልኩት።

"የምን ገበር?"

"ሐር። ቀዳዳ የሌለው። ሥጋው የሚገባበት ቀዳዳ ካላገኘ ምኑን ይይዛል?"

ፋሻውን መጠቅለል ጀመረ፤ ማሰቡ ነው። "ውሃው በምን ይወጣል?"

"በመርፌ እበሳዋለሁ። በጣም በቀጭኑ።"

አረቡ ያለው ሐር ወፍራምና ደረቅ ነበር። ይህንን እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ጠዋት ስነሳ የሠርጓ ካባ ከሣጥኑ ወጥቶ ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ መቀሱ ላዩ ላይ ነው። ጥቁር ሱፍ ሆኖ ውስጡ ቀይ የሐር ገበር ነበረው።

"ገበሩን ፍቺው" አለችኝ።

"እማዬ፣ ካባሽን?"

"ካባው ይኖራል። ገበሩን ነው ያልኩሽ።"

ፈታሁት። ቀቀልነው፤ ውሃው እንደ ቀይ ሥር ሆነ። ደግመን ቀቀልነው፤ ቀለሙ ቀነሰ እንጂ አልወጣም። አቶ ጌታነህ "ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ ምን ቸገረን" አለ፤ በኋላ እንደ ቸገረን ይታያል። ለእያንዳንዱ ጣት ለየብቻ፣ ለእጇ ጀርባም አንድ ወጥ አድርጌ ሰፋሁት፤ ስፌቱን ወደ ውጭ አደረግኩ፣ ቁስሉን እንዳይነካ። ከላይ ጥጥ፣ ከጥጡ ላይ የአቡጀዲ ልባስ። ልባሱን በፕላስተር ፈንታ ከጎን በቁልፍ እንዲዘጋ አደረግኩት፤ አንጓዋ ላይ ይይዛል፣ ሲፈታ ደግሞ ሳይጎተት እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። አቶ ጌታነህ አገላብጦ አየው።

"ይኼ ፋሻ ነው ወይስ የሙሽራ ጓንት?" አለ።

"የሙሽራ ነው እኮ" አለች እናቴ። ከተቃጠለች ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

እሽጉ ያዘ። ምስር ለቀመችበት፣ እሳት አነደደችበት፣ ሰው ጨበጠችበት፤ አልወለቀም። የሚፈታበት ቀን ደረሰና ሁላችንም ያችን ትንሽ ክፍል ሞላናት። አቶ ጌታነህ ቁልፎቹን ፈታ፣ ልባሱን ገለጠ፣ ጥጡን አነሳ። ሐሩን በመቆንጠጫው ጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ ሳበው። ተንሸራትቶ የመጣ መሰለኝ። ግን ሐሩ ላይ ቀይ ነገር አለ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ደም ነው? ቀለም ነው? አቶ ጌታነህ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፣ አሸተተው፣ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ለየሁት ማለት አልችልም። ቁስሉም ላይ ቀለሙ ስለነካው ሮዝ ሆኗል። ያን ያህል ደክመን መጨረሻ ላይ ዓይናችን ምስክር ሊሆነን አልቻለም። የቀረን የእናቴ አፍ ብቻ ነው።

"አመመዎት?"

"ምንም።"

ሐዋ ጠየቀች። "ሲ ዱኩቤ?"

እናቴ ዓይኗን አልጨፈነችም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሐሩን። "ና ሂን ዱኩብኔ" አለች። አላመመኝም።

አቶ ጌታነህ ወደ ሐዋ ዞረ። "አላመመኝም አለች" አለች ሐዋ፣ እናቴን ትኩር ብላ እያየች።

"እውነቷን ነው?"

"አላመመኝም አለች ነው ያልኩህ።"

እሱ በዚህ ረካ። እኔ አልረካሁም። ለአቶ ጌታነህ ይሉኝታ የያዛት ሴት፣ ልጇ ከሠርግ ካባዋ ለሠራችው ነገርማ እንዴት አይይዛት? ለምን እኔን አየችኝ? ኦሮምኛዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አማርኛዋ ይሉኝታ ገብቶት ይሆን? በዚያው በገበሩ ቀጠልን፤ ሌላም ዘዴ አልነበረንም። ስትጠየቅ በሁለቱም ቋንቋ አንድ መልስ ነበር የምትሰጠው። እየቆየ ሥጋው ሞላ፣ ቆዳው ገጠመ፣ ጣቶቿም ታጠፉ። ትንሿ ጣት ብቻ ትንሽ ቀና ብላ ቀረች፤ ስትጠልፍ ያቺ ጣት ለብቻዋ ቆማ ትታያለች። ጥልፏን የሚያውቁ ሴቶች የበፊቱ ይበልጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ የኋለኛው ይበልጣል የሚሉም አሉ።

እጇ ስለ ዳነ ነገሩ ተሳክቷል ማለት ይቻላል። አይቻልምም። ቁስል በራሱ ጊዜም ይድናል፤ ጨው ውሃውም፣ ቫዝሊኑም ነበረ። እናቴ ሕመሙን ችላው ሊሆን ይችላል። አቶ ጌታነህ በዓመቱ ወደ ጮሌ ወረዳ ተዛወረ፤ የሐር ገበር ያለው በሽተኛ በየት ያገኛል፣ እንደ ቀጠለበት አልሰማሁም። እናቴ ካባውን ያለ ገበር ለበሰችው። በዓል በመጣ ቁጥር ሱፉ አንገቷን ሲያቀላው አያለሁ። "ይኮሰኩስሻል እማዬ?" እላታለሁ። "ኧረ ምንም" ትለኛለች። እንግዲህ ከዚህች ሴት ምን ይታወቃል?

እሷ ከሞተች በኋላ፣ ሐዋም አርጅታ ሳለ፣ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። ያን ቀን እውነቷን ነበር ወይ አልኳት። "ቋንቋው የኔ ነው" አለችኝ፤ "እጁ የሷ ነው።" ሌላ ነገር ሳትጨምር ወተት አጠጣችኝና ሸኘችኝ።

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ሳምንቱ ደረሰና ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም፤ ነርሷ ስትፈታ እያየሁ ነው። የእሽጉን ጫፍ ይዛ ወደ ጎን ሳብ አደረገችው፤ ለቀቀ። ቁስሉን የነካው ወገንም፣ ቅጠል ከውሃ ላይ እንደሚነሳ፣ ተነሳ።

"አመመዎት?"

"ኧረ ምንም። እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። "እናቴ፣ እሱን መልስ ሁላችሁም ናችሁ የምትሰጡኝ። እያለቀሱም ምንም ነው የሚሉኝ።" ቀጥላ፣ የአገሩ ልጅ ናትና፣ "ኢሲን ዱኩቤ?" አለችኝ። ሐዋ የጠየቀችው ጥያቄ ነው፣ በአክብሮት።

ሌላ መልስ ካለኝ ብዬ ፈለግኩ፤ ክንዴንም ራሴንም ፈተሽኩ። አልነበረኝም።

"ና ሂን ዱኩብኔ" አልኳት።

ነርሷ ሳቀችና እሽጉን ልትጥለው ስትል፣ "ቆይ አሳዪኝ" አልኳት። በጓንቷ እንደ ያዘችው ገልብጣ አሳየችኝ። ነጭ ነው፤ ቀይ ነገር የለበትም። ቁስሉን የሚነካው ወገን ያብለጨልጫል፣ በጥቃቅኑ ተበስቷል። ገበር አለው።

በብርዱ ውስጥ ወደ ቤቴ ስሄድ ስለ እናቴ እያሰብኩ ነበር። እውነት በሆነ ጊዜም መልሱ ያው "ምንም" መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም ነበር።